ከአኖ እስከ ነቀምቴ የታቀፍኳቸው ዕንቁላሎች

ልጅ ሳለሁ የሆነ ነገር ስለሆነ አዛብቼ ላስታውሰው እችላለሁ፤ ዕንቁላሎቹ ዘጠኝ ይሁኑ አሥር እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። አኖ ውስጥ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ አኮ እላታለሁ። ማታ ማታ ፍሙን እየቆሰቆሰች፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየደባለቀች ተረት ትነግረኝ ነበር። ከሁሉ የማልረሳው፣ ጫጩት መውጫው ሲቃረብ ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ እናቱን ይጠራል፣ መልስ ካጣ ግን እንደተኛ ይቀራል የምትለውን ነው።

ያኔ ለትምህርት ነቀምቴ፣ አጎቴ ቤት ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ የአኮን ታቃፊ ዶሮ ሸለምጥማጥ በላት። ዕንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው። የአጎቴ ሚስት መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ስለነበረቻት፣ አኮ የእኛን ዕንቁላሎች እስክነሳ ድረስ በጨርቅ ጠቅልላ እሳት ዳር አቆየችና፣ በመሄጃዬ ጠዋት በነጠላ ሆዴ ላይ አሰረችልኝ፤ ከላይ ሹራብ ደረበችበት።

«አንተ ከሞቀህ ይሞቃቸዋል» አለችኝ። «እዚያ የሚያጫውትህ ብታጣ እነሱ አሉልህ።»

አውቶቡስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይዘንብ ነበር፤ መስኮቱም አልዘጋ ብሎ ብርዱ ይገባል። ሹራቤ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁና አጎንብሼ በሹክሹክታ መለስኩለት። ግን እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ሙቀቴ እንደሚበቃ ማመን አቃተኝ። ሾፌሩ ምን እንደያዝኩ ጠይቆ ሲረዳ፣ ከጎኑ ያለውን የሞተር ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«እዚህ አድርጋቸው፣ ከእናታቸው ይበልጥ ያሞቃቸዋል።»

«ነቀምቴ ሳንደርስ ተፈልፍለው መቀመጫ ሊጠይቁን ነው» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈታሁና ክዳኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ድምፁ ለትንሽ ጊዜ ጨመረ፤ ከዚያ ጠፋ። ተመችቷቸው የተኙ መሰለኝ።

የአጎቴ ሚስት ዶሮ ከሳምንት በላይ ታቀፈቻቸው፤ አንዱም አልተፈለፈለም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ ተቀምጬ እጠራቸዋለሁ፤ በዚያ ግቢ የማወራው ሌላ ሰው አልነበረኝም። አኮ ደውላ ስትጠይቀኝ ሁሉም ወጥተዋል አልኳት። ደስ ብሏት መልካቸውን ጠየቀችኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኳት።

አድጌ አንድ የዶሮ እርባታ ባለሙያ ጠየቅሁ። መፈልፈያው የደረሰ ዕንቁላል ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚገድለው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው አለኝ።