የእትዬ ውብነሽ የውሸት ሙሾ

ዛሬ እሑድ ከፍሌሚንግደን ፓርክ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ አንዲት ልጅ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን እየሰማች ብቻዋን ትስቅ ነበር። ድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ራዲዮ ሲከፈት የምንኖርበት ፎቅ ሁሉ አንድ ላይ ነበር የሚስቀው። የሚያስቁን እትዬ ውብነሽ ነበሩ።

አዲስ አበባ ሳሉ በራዲዮ ቀልድና ዘፈን ስማቸው የታወቀ ነበር። ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ሳምንቱን ልብስ ሲተኩሱ ይሰነብቱና ቅዳሜ በአማርኛው ሰዓት ነገረኛዋን ጎረቤት ይሆናሉ። ድርሰቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አርፎ መቀመጥ አላውቅም፤ ከዚያች አንድ ሰዓት ሌላ ዓለም ያለም አይመስለኝም።

በነሐሴ መጨረሻ የእናታቸው ሞት ተሰማ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ተመካከሩና፣ መርዶው የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ካለፈ በኋላ በማግስቱ ማለዳ ይነገራቸው አሉ። ሁላችንም የሆዳችንን በሆዳችን ያዝን። እኔማ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ዝግጅቱ እንዳይቀር ፈርቼ ነበርና።

በዚያ የእንቁጣጣሽ ቅዳሜ የጻፍኩላቸው ሆዴን አመመኝ ብላ ከሥራ ስለምትቀር ሴት ነበር። እትዬ ውብነሽ መሃል ላይ ወረቀቱን ገፋ አደረጉና ሴትዮዋን «እናቴ ሞተችብኝ» አስባሏት። በዚያ ጣፋጭ ድምፃቸው ሙሾ ማውረድ ጀመሩ። ከመስታወቱ ወዲያ ሆኜ በእጄ ተዉ ብላቸው በሳቅ የሞትኩ መስሏቸው አባሱት።

በዝናብ ቶርንክሊፍ ፓርክ ቤታቸው ገብተን ጫማችንን ሳናወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሙሾውን የሰማ ሁሉ መርዶው ተነግሯቸዋል ብሎ ጥቁር ለብሶ መጥቷል። እትዬ ውብነሽ እየሳቁ ከፈቱ።

«አስለቀስኳችሁ አይደል?»

የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፤ የንፍሮውን ድስት አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

አመኑኝ። ትከሻዬ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ያኛው ለቅሶ ዜማ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ማይክራፎን አጠገብ አልደረሱም። ብዙ ሰው ለምኗቸዋል፤ «በእናቴ ሞት ሰው አስቄ» ይላሉ እንጂ ሌላ አይናገሩም።

አሁን ፓርክዴል ነው የሚኖሩት። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ እውነቱን እነግራቸዋለሁ እልና መንገድ ላይ ይጨንቀኛል፤ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በእግሬ እዞራለሁ። ዛሬም ዞሬ ዞሬ ደረስኩ። የምትረዳቸው አዲስ ልጅ በሩን ከፈተችልኝ። እትዬ ውብነሽ ከአልጋቸው ቀና ብለው አስተዋወቁን።

«እኔ አንድ ነገር ብሆን ኮል የምታደርጊው ለእሷ ነው። ያን ጊዜ ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሌሎቹ የደበቋቸው ለእሳቸው አዝነው ነው፤ እኔ ለራሴ ነበር። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።