ጣራ ላይ የሚያወጣው ወተት

የሻለም ከዓባይ በረሃ ወጥታ መካነ ሰላም አጠገብ ያለች ደገኛ መንደር ስትዳር ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ነበር። በገባች በሦስተኛው ቀን አማቷ እማማ ዓባይነሽ ከጎረቤት ሴቶች መሐል አስቀምጠው፣ «እናትሽ ስንት ላም አላት?» ብለው ጠየቋት።

«ላም የለንም። ፍየል ነው ያለን።»

«ወተቱስ?»

«የፍየል እንጠጣለን።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እማማ ዓባይነሽ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ «በሉ እንግዲህ መሰላሉን ደብቁ። የፍየል ወተት ያሳደጋት ናት፤ ነገ ጣራ ላይ ትወጣልናለች» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፏል። ጎጆው ቆርቆሮ ቤት ሆኗል፣ የሻለም አራት ልጆች ወልዳ ሁሉም በየፊናቸው ሄደዋል፣ ቀልዱ ግን አላረጀም። ሲኒ ከእጇ ቢወድቅ ጥፋቱ የፍየሉ ወተት ነው። ዳገቱን ፈጠን ብላ ብትወጣ፣ «አያችሁ፣ ያሳደጋት ወተት እየጎተታት ነው» ይባላል። ጠላ ብትጠምቅ «ይጠጣል» ይሏታል እንጂ አማቷ አንድ ቀን እንኳ «ባለሙያ» ብለዋት አያውቁም። የሻለም መልስ አትሰጥም ነበር። መልስም ጉልበት ይፈልጋል፤ የእሷ ጉልበት ለውሃው፣ ለእንጨቱ፣ ለልጆቹና ለከብቱ ተከፋፍሎ ያለቀ ነው። የፍየል ወተት የሚባለውን ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አልቀመሰችም፣ ስሙንም በአፏ አልጠራችም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ እማማ ዓባይነሽን ሳል ያዛቸውና ሁለት ሳምንት ተኙ። ሳሉ ለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አልመለስ አለ። ጥርስ ከሌላቸው ቆይቷል፤ ይኖሩ የነበረው እንጀራ በወተት እየተፈተፈተላቸው ነው። አሁን የላሟን ወተት ሁለት ጉንጭ ሲወስዱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ይነፋና ቀኑን ሙሉ ሲያቃስቱ ይውላሉ። አጥሚት ተሠራላቸው፤ ገፉት። የምስር ሾርባ ተሠራ፤ ገፉት። ጤና ጣቢያ የመረመረቻቸው ነርስ፣ «ሌላ በሽታ አላየሁባቸውም፤ የሚስማማቸውን እየፈለጋችሁ በትንሽ በትንሹ ስጧቸው» አለች። የሚስማማቸው ምን እንደሆነ ግን አልነገረችም። እሷስ ከየት ታውቀዋለች።

በጥር መጀመሪያ ደሴ የምትኖረው ልጃቸው ሀይማኖት ደወለች። ስልኩን የያዘው ወንድሟ፣ የየሻለም ባል ሙላው ነው። ጆሮው ስለከበደ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ከፍቶ ነው የሚያወራው።

«ለአስተርእዮ ማርያም እመጣለሁ» አለች ሀይማኖት። «እስከዚያ እህል ካልቀመሰች ይዣት እሄዳለሁ። እናንተ ጋ በረሃብ ስትሞት ቁጭ ብዬ አላይም።»

«በረሃብ» የምትለዋን ቃል የሻለምም ሰማቻት፣ መደብ ላይ የተኙት አሮጊትም ሰሟት።

«እኔ የትም አልሄድም» አሉ እማማ ዓባይነሽ በተሰበረ ድምፅ። «ከይሄነው አጠገብ ቦታዬን መርጫለሁ። ደሴ ከወሰዳችሁኝ የምመለሰው በሳጥን ነው።» ይሄነው የሞቱት ባላቸው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር አርፈዋል። ይህን ተናግረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የሻለም ምጣዱን እያሰሰች አሰበች። እሳቸው ቢሄዱ ለእሷ ዕረፍት ነው። ዕረፍት አይታ አታውቅምና ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጣት። ከዚያ ባዶውን መደብ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ጣዕሙ ጠፋ። ደግሞ መንደሩ ምን እንደሚል ታውቃለች፦ አማቷን በረሃብ ፈጀቻት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈጨችው፣ ያጠበችው፣ የተሸከመችው ሁሉ በአንዲት ቃል ይጠፋል።

አጥር የምትጋራት ሀሊማ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስትመለስ አምስት ሴት ፍየልና አንድ ወጠጤ ገዝታ ከጓሮዋ አስራለች። በማግስቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «የሹ፣ እማማ እንዴት አደሩ?» አለች።

«ያው ናቸው።»

«እኔ የሠራሁበት ቤት ያሉት አሮጊት የላም ወተት አይነኩም ነበር። የፍየል ብቻ ነው የሚጠጡት። ወላሂ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ እኔን በጫማ ያባርሩኝ ነበር። ደግሞ ይደርሱብኛል!» ሀሊማ ሳቀች። «የእኔዎቹ ሁለቱ ወልደዋል። ግልገሎቹ ጠግበው የሚተርፈውን የሚጠጣው ድመቱ ነው። ለምን አትሞክሪላቸውም?»

«ለእሳቸው? የፍየል ወተት? ተይኝ ሀሊማ፣ ደክሞኛል።»

«አብሽሪ። ቢበዛ ይደፉብሻል።»

ደፉባትም።

ሰኞ ጠዋት የሻለም የላስቲክ ጆግ ይዛ ሀሊማ ጓሮ ገባች። ወጠጤው በሁለቱ እናት ፍየሎች መሐል ቆሞ አንዷን በአንገቱ ያሻታል። የሻለም ቸኩላ አልባ ወጣች። ስታፈላው ሙላው እንፋሎቱን አሽትቶ ነገሩ ገባው።

«የላም ነው በያት» አላት በሹክሹክታ።

«አልልም።»

«ምን ቸገረሽ? አታውቅ።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት የደበቅሁት ይበቃኛል።»

ኩባያውን ለአማቷ አቀበለች። እማማ ዓባይነሽ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የፍየል ወተት ነው፣ እማማ። ሆድዎን አይነፋዎትም ብዬ ነው።»

«ወጠጤ አጥበሽ እጣቢውን ነው ያመጣሽልኝ!» አሉና ኩባያውን ገለበጡት። ወተቱ በየሻለም ቀሚስ ላይ ወረደ።

የሻለም በጆግ የቀረውን ይዛ ወጣችና ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማንም እንደማያያት አይታ ተጎነጨችው። እውነታቸውን ነው፤ ይከረፋል። ግን እኮ እናቷ የምታልበው ወተት አይከረፋም ነበር። ከላም ወተት ጋር ቢያስቀምጡት ለይታ አታውቀውም። ታዲያ ይህ ምን ነካው? የቆላ ፍየል ሌላ፣ የደጋ ፍየል ሌላ ነው?

እንዲህ ስትል እናቷ ትዝ አለቻት። ወጠጤውን ከእናት ፍየሎቹ ጋር ያሰረ ሰው ጉዱን ያይ ነበር። «ያ ግማታም ተሻሽቶባቸው ወተቱን አበላሸው!» እያለች ዱላ ታነሣ ነበር። ጡቱን በሞቀ ውሃ ሳታጥብ አታልብም። ማለቢያዋን በወይራ ጭስ ሳታጥን ወተት አታስገባበትም።

የሻለም ጆጉን አየችው። ትናንት ውሃ የተቀዳበት፣ ከትናንት ወዲያ አብሽ የተዘፈዘፈበት ጆግ ነው። ለላሟ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ትቀርብ ነበር? ደጋው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፍየል ወተት ምን ክብር አለው ተብሎ በተገኘው ዕቃ ይታለባል፤ ከዚያ ሲከረፋ «አላልናችሁም?» ይባላል። ንቀቱን እሷም ሳታውቀው ተምራው ኖሯል። ይህ ከተደፋባት ወተት ይልቅ አሳፈራት።

ተነሥታ ሀሊማን ጠራቻት። «ወጠጤውን ከዚህ አውጪልኝ።»

«ምን አጠፋ?»

«ይሸታል።»

«ወንድ ሁሉ ይሸታል፣ የት እናድርገው?» አለች ሀሊማ። ቢሆንም እየሳቀች ገመዱን ፈታች። ሁለቱ ሆነው እየጎተቱ ከማዶ ካለው ከእማማ ባሕር ዛፍ ሥር አሰሩት። እንደ ተበደለ ሰው እየጮኸ ዋለ። እናት ፍየሎቹን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠቧቸው።

የቀረው ማለቢያ ነው። በቤቱ ያለው ደህና ማለቢያ ቅል አንድ ነው፤ አንገቱ በዛጎል ያጌጠ፣ ከእማማ ዓባይነሽ ራስጌ የተሰቀለ፣ እናታቸው የሰጧቸው። ከላም ወተት በቀር ገብቶበት አያውቅም። የሻለም ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ከመደቡ አጠገብ ቆመች።

«እማማ፣ ማለቢያዎን ይስጡኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ለፍየል?»

«ለእርስዎ።»

የሻለም እንዲቆጡ ጠበቀች። እሳቸው ግን በቀሚሷ ላይ የደረቀውን ወተት ነበር የሚያዩት። «ስሞት ያንቺው ነው» አሉ በመጨረሻ። «አሁንም ውሰጂው። ሽታ ቢይዝ ግን እኔን አያድርገኝ!»

ሁለት ቀን ወተቱን ለድመቱ እየተዉ የወጠጤው ጠረን ከእናቶቹ እስኪለቅ ጠበቁ። ሐሙስ ማለዳ የሻለም የወይራ እንጨት አቀጣጥላ፣ ነበልባሉን አጥፍታ፣ ጭሱን ቅሉ ውስጥ አፈነችው። እጇን ታጠበች፣ ጡቱን አጠበች፣ አለበች፣ ከደነች፣ ወዲያው አፈላችው። ስታቀርብላቸው አሁንም፣ «የፍየል ነው» አለች።

እማማ ዓባይነሽ አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። አንድ ጉንጭ ወስደው አፋቸው ውስጥ አዞሩት፣ ዋጡት። ሌላ ጉንጭ ደገሙ። ከዚያ ኩባያውን አስቀምጠው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉና ዕዳ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቁ። የሻለም ምስር እየለቀመች ጠበቀች። ሙላው በር ላይ ተደግፎ ጠበቀ። ጥላው ከደጃፉ ሸሸ፤ ሆዳቸው አልነፋም።

ቀትር ላይ ድምፃቸው መጣ። «አንቺ ቆለኛ!»

«አቤት፣ እማማ።»

«ያ ነገር አለቀ?»

የሻለም ወደ ማድቤት ሄዳ ከበር ጀርባ ቆመች። ለምን እንደሆነ ሳይገባት እንባዋ መጣ። ጠረገችውና ወተቱን አሞቀች።

ዓርብ ሲመጣ «ዓርብ ነው» ብለው አልነካም አሉ። የነፍስ አባታቸው ፈትተዋቸዋል ቢባሉ፣ «እሳቸው ቢፈቱኝ እኔ አልፈታሁም» አሉ። የሻለም በዚህ ደስ አላት፤ የሚከራከር ሰው ሊሞት አልተነሣም። ቅዳሜ ሙሉ ኩባያ ጠጡ። እሑድ እንጀራ ተፈትፍቶ ይምጣልኝ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዘራቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ሄዱና ሀሊማን፣ «ፍየሎቹን ዛሬ ምን አበላሻቸው?» ብለው ተቆጣጠሯት።

ሀይማኖት ከማርያም ዋዜማ በአቀስታ በኩል በመጣው አውቶቡስ ደረሰች። ወፍራም ብርድ ልብስና ሁለት ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ይዛለች፣ ለእናቷ የደሴ መመለሻ ወንበርም በስልክ አስይዛለች። እናቷን ያገኘቻቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲፈለፍሉ ነው።

እማማ ዓባይነሽ ቀና ብለው አዩዋት። «ውይ ልጄን! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ደሴ እህል የለም እንዴ?»

በማግስቱ የሴቶቹን የማርያም ማኅበር የመደገስ ተራው የየሻለም ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ሴቶቹ ደመቅ ብለው ሳሉ ሀይማኖት በሰው ፊት፣ «እስቲ ንገሪኝ የሻለም፣ እናቴን ምን ሰጥተሽ ነው ያነሣሻት?» አለቻት።

የሻለም እጇ ማንቆርቆሪያው ላይ ቀረ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ቤት የተጠየቀችው ጥያቄ ተመልሶ የመጣ መሰላት። አፏን ሳትከፍት እማማ ዓባይነሽ ቀደሟት።

«የፍየል ወተት።»

«እርስዎ?» አለች አንዷ፣ ዳቦዋን ወደ አፏ ልታስገባ ስትል ቆማ። «የፍየል?»

«እኔ። ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሆዴ አንቺ ጋ ነው ያለው?»

«እማማ፣ ስምዎም እኮ የቆላ ነው» አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሀሊማ። «ዓባይ ደጋ ላይ አይወርድ።»

«አንቺ ደግሞ ወጠጤሽን ያዥ! ባሕር ዛፌን ልጦ ጨረሰው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺም ስሚኝ። ደሴ ልትወስጂኝ ካማረሽ መሰላል ተበደሪ። ከጣራው ላይ ነው የምታወርጂኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሀይማኖት ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሻለም ይህንን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ያኔ በእሷ ላይ ነበር የወረደው። ዛሬ ግን ከሳቂዎቹ አንዷ እሷ ናት።

አሮጊቷ ማለቢያውን ከራስጌያቸው አስወረዱና የጠዋቱ ወተት እንዲመጣ አዘዙ። ኩባያው ሲሞላ ሁሉም እሳቸው እስኪጠጡ ጠበቁ። እሳቸው ግን ወደ ምራታቸው ዘረጉት።

«ባለሙያዋ ትቅደም» አሉ።

የሻለም ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። በሰው ሁሉ ፊት፣ ቆማ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። የወይራው ጭስ ይሸታል፤ ልክ እንደ እናቷ ወተት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ፣ «የእኔም እናት የላሙ አልስማማት ብሏል። ወጠጤውን የት ነው ያሰራችሁት?» ብላ ጠየቀቻት።

የሻለም ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ መናገር ጀመረች።