ለየብቻ የተበላ ገንፎ

ቦንጋ ውስጥ የሆስፒታል በር ጠባቂ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ክልል፣ ዞን መባል ከመጣ ወዲህ ነው፣ አተት የገባበት ክረምት። በተቅማጥና በትውከት ሰውን በአንድ ቀን የሚያደርቅ በሽታ ነው። ለበሽተኛው ግቢው ጥግ ድንኳን ተተከለ። ወላዶቹ ከዚያ ማዶ ባለው ክፍል ነበሩ።

ከጅማ አንዲት ሲስተር መጥታ ሥልጠና አለ ተባለ። ለሐኪም መስሎኝ ነበር። ጽዳቷንም፣ ወጥ ቤቷንም፣ እኔንም ሰብስበው አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። እኔ ስሜን ከመጻፍ ያለፈ ፊደል የለኝም። ደግሞም አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ሴት ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ እዚያው ክፍል ተኝታለች።

ሲስተሯ የእጅ አስተጣጠብ አሳየችን፣ በረኪና አበጥብጣ አሳየችን። "ከድንኳኑ ወደ ወላድ ክፍል ማንም አይሻገር። ምግብም ከውጭ አይገባም" አለች።

"ገንፎስ?" አልኳት።

"ገንፎም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው በከንቱ ደከምሽ። ወላድ ገንፎ ተከልክላ እዚህ አገር ማን ይሰማሻል?"

ጽዳቷ "ለራሱ እኮ ርቦት ነው!" ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ።

ሲስተሯ አልሳቀችም። "ገንፎው በእሳት በስሏል፤ እሱን አልፈራም። የምፈራው ዕቃው የታጠበበትን ውሃና አንድ ገበታ ላይ የሚገባውን የሁሉንም እጅ ነው። እዚሁ ይገንፋ፤ ለየሳህኑ ይውጣ።"

ይሄ ገባኝ። ሴቶቻችንን ግን አታውቃቸውም። የወላድ ገንፎ ተከቦ በአንድ ገበታ ነው የሚበላው። ለየብቻው የሚበላ የተጣላ ሰው ነው።

ልጄ በማግስቱ ወለደች። ሚስቴ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ በትልቅ ገበታ ተሸክማ መጣች። በሩን ዘጋሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ክፈት እንጂ!"

"ገበታውን በምን ውሃ አጠብሽው?"

"በወንዙ ነዋ! በጠበል ላጥበው ኖሯል?"

ድንኳን ውስጥ የተኙት ከዚያው ወንዝ የጠጡ ናቸው።

"አይገባም።"

"የገዛ ልጅህን? ጠላቷ ነህ?"

ጎረቤቶቿ አጨበጨቡብኝ። እግሬ አልቆም ብሎኝ ከበሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በሩ እላለሁ። ልጄ እንዴት እንደሆነች ገብቼ እንዳላይ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ድንኳን ሳስገባ የዋልኩ ሰው ነኝ።

ሲስተሯ መጣች። ሚስቴን "እማማ" ብላ፣ ገበታውን ከበር አስቀርታ፣ የሁሉንም እጅ አስታጥባ፣ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ውስጥ እንደ አዲስ አስገነፋቻት። ጽዳቷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሴቶቹ ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስል አቀርቅረው በሉ። እልልታውም ቀዝቃዛ ነበር።

ወደ ቤት የሚሄዱ ዕለት በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ። ሚስቴ ሕፃኑን አቅፋ በፊቴ አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ታኩርፍ። ልጄ በእግሯ ወጥታለች።