እትዬ ተረከብሽ የተመረጠችበት ቅዳሜ

እኔን «ጥሩንባ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ራሷ እትዬ ተረከብሽ ናት፤ ስለዚህ እኛም ለእሷ ስም ብናወጣላት ተካካስን እንጂ አልበደልናትም። በዕድሜ እናቴ ስለምትሆን አንቱ ማለት ነበረብኝ። ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አንቱ እያልሽ አታስረጂኝ፣ ወገቤ ብቻውን ይበቃኛል» ብላ ከለከለችኝ።

አዋላጅ ነርስ ናት። ስሙ የመጣው ከፈረቃ ርክክብ ነው። ሌላው ሰው ፈረቃውን ሲጨርስ መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጎ «ሁሉም ሰላም ነው» ይልና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይወጣል። እሷ ግን ክንድሽን ይዛ ከአንደኛ እስከ አስራ አራተኛ አልጋ ታዞርሻለች። «አንደኛ፣ ሁለተኛ ልጇ ነው፣ ደም ግፊቷን በየሰዓቱ ለኪላት። አራተኛ፣ ምንም የላትም፣ ባሏ ስላልመጣ ነው የምታለቅሰው፣ ቁጭ ብለሽ አጫውቻት።» እያንዳንዱ አልጋ ጋ ስትደርስ ዓይን ዓይንሽን እያየች «ተረከብሽ?» ትላለች። «ተረክቤያለሁ» ካላልሽ ከቦታዋ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ቸኩዬ «እሺ እሺ» ብላት ከአንደኛ አልጋ እንደገና አስጀመረችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በሆዴ ስረግማት ነው የዋልኩት።

በእሷ ሆድ ያለውን ለማወቅ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አንዲት ልጅ አለቻት። ባሏ ሲሞት ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቀንና ማታ ፈረቃ እየገባች ብቻዋን ማሳደግ አልሆንላት ሲል፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ባለ ከተማ እናቷ ጋ ወስዳ አስቀመጠቻት። «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ዝውውሬ እስኪመጣ» ብላ። ዝውውሩ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልመጣም። በየዓመቱ ታመለክታለች፣ በየዓመቱ «ተተኪ የለም» የምትል አንድ መስመር መልስ ይሰጧታል። አንዲት መስመር! ማኅተሟ እንኳን ከጽሑፏ ትበልጣለች።

በዓመት አንዴ፣ ለእረፍት ስትሄድ፣ ለልጅቷ ጫማ ትገዛ ነበር። ልጅቷ አድጋ እስክትጨርስ ጫማው ሁልጊዜ ይጠባት ነበር። እናት የምታስታውሰው ያምናውን እግር ነዋ! «ጫማ ሻጩ ቁጥሯ ስንት ነው ሲለኝ አፍሬ ዝም ብዬ እገምታለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጓንት እያጠለቀች። «የልጇን እግር የማታውቅ እናት እንዳይለኝ።» መልሴን ሳትጠብቅ «ስድስተኛ አልጋን እዪልኝ» ብላኝ ዞረች።

አምና ልጅቷ አገባች፣ ዘንድሮ አረገዘች። እትዬ ተረከብሽም የሕፃን ካልሲ በክር መሥራት ጀመረች፤ ነጭ፣ አውራ ጣት የምታክል። በእረፍት ሰዓት ከኪሷ ታወጣዋለች፣ ሁለት ሦስት ዙር ትሠራለች፣ መልሳ ትከተዋለች። «ስንቱን የሰው ልጅ ተቀብዬ፣ የልጄን ልጅ ሌላ ሰው ሊቀበልልኝ?» ትላለች። ዓይኗ ግን ካልሲው ላይ ነው።

ያ ቅዳሜ የሠራተኛ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተጠራበት ቀን ነበር። የሆስፒታሉ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ የፕላስቲክ ወንበር ያልደረሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሥራው ሁለት ነው። የቀድሞው ሊቀመንበር፣ የላቦራቶሪው ሽማግሌ፣ ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ አዲስ አመራር መምረጥ፣ ከዚያም በፊት ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ከአስተዳደሩ ጋር የምንደራደርባቸውን ሦስት ጉዳዮች መለየት። የቀረቡት ዘጠኝ ነበሩ። ልብስ አጣቢዎቹ ጓንትና ቦት ጫማ አሉ፤ እናቶች የሕፃናት ማቆያ አሉ፤ አስመራጭ የሆነው የአምቡላንስ ሾፌር ደግሞ የመኪናው ጎማ ካልተቀየረ እሱም በሽተኛ ሆኖ እንደሚመጣ ተናገረና አሳቀን።

እትዬ ተረከብሽ አጠገቤ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ስለ ዝውውር የምትናገረው እሷ ነበረች። ተራዋ ሳይደርስ ከማዋለጃ ክፍል አንዷ ሮጣ መጣች፤ የሕፃኑ እግር ቀድሟል፣ ተረኛዋም ልጅ ገና ጀማሪ ናት። እትዬ ካልሲውን ኪሷ ከተተችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዝውውርን አንቺ ተናገሪልኝ። ሌላም የምለው ነበረኝ፣ እሱን ስመለስ እናገራለሁ።»

ሌላው ምን እንደሆነ ብጠይቃት ምን ነበረበት? አልጠየቅኳትም። ለመናገር ቸኩዬ ነበራ!

ተናገርኩ። የጫማውን ነገር ነገርኳቸው፤ አስራ ስምንት ዓመት፣ ስንትና ስንት የጠበበ ጫማ። ሾፌሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ድምፅ ሲሰጥ ከቤተሰባቸው የተለያዩ ሠራተኞች ዝውውር አንደኛ ወጣ፣ ጓንቱንም ማቆያውንም በለጠ። አጨበጨቡልኝ። እኔ ደግሞ ጭብጨባ ሲሞቀኝ ራሴን መግታት አላውቅበትም። የአመራር ጥቆማ ሲጀመር ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁና «ዝውውሩን እዳር የምታደርሰው እሷ ናት፣ ሊቀመንበራችን እሷ ትሁን!» አልኩ።

ሰው ሁሉ «ልክ ነው» አለ። የሌለች ሰው እንዴት ትመረጣለች ያለም አልነበረም፤ ምክንያቱም ደንባችን ሥራ ላይ ሆኖ የቀረ እጩ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል። የኛ ሥራ ለስብሰባ አይጠብቅም፤ ደንቡ እንዲህ ባይል ተረኛ የሆነ ሰው መቼም አይመረጥም። በአንድ ድምፅ ተመረጠች።

ስትመለስ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል፣ ፊቷ በርቷል። «እናትም ልጅም ደህና ናቸው» አለችኝ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ሾፌሩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሊቀመንበር!» ሲላት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አየች። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠችና ከጋውኗ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

የዝውውር ደብዳቤ ነው። ተፈቅዷል። ማኅተሙም አለ።

«ረቡዕ ነው የደረሰኝ» አለች። «ሰኞ የመልቀቂያ ክሊራንስ ጨርሼ ማክሰኞ ልሄድ ነበር። ልሰናበታችሁ ነበር የመጣሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስራ ሰባት ጊዜ እምቢ ተብያለሁ፣ ክሊራንሱን ሳልይዝ ምን ብዬ ላውራ? ደግሞ ላንቺ መንገር ለከተማው መንገር ነው።»

ይሄን ምን ብዬ እክደዋለሁ? ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ ተነስቼ ስህተት ነው፣ ይሰረዝ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ! የላቦራቶሪው ሽማግሌ በቀስታ አስረዱን። አስተዳደሩ ያልወደደውን የማኅበር መሪ በዝውውር እንዳያባርር ብለን ራሳችን የጻፍነው ደንብ ነው፤ የተመረጠን ሰው የሚለቀው ጉባኤ ብቻ ነው፣ የማኅበሩ ወረቀት ካልመጣም ክሊራንስ አይሰጥም። የዛሬው ጉባኤ ምርጫውን አጽድቆ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። ሌላ ለመጥራት አስራ አምስት ቀን ያስፈልጋል።

አንዱ ከኋላ «ሦስት ዓመት ቢቆዩልን ምናለ?» አለ። እትዬ ተነሳች።

«ወገኖቼ፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። መሄድ እፈልጋለሁ። ልጄ ናፍቃኛለች። አጠገቤ ብትቀመጥም ትናፍቀኛለች፣ እንደዚያ ነው የሆነብኝ። አስራ አምስቱን ቀን እሠራለሁ፣ ከዚያ ልቀቁኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር።

ልጅቷ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። አስራ አምስት ቀን ሲደመር የሁለት ቀን መንገድ፣ አስራ ሰባት። እትዬ በጣቷ ቆጠረችና «የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል፣ እደርሳለሁ» አለች። እኔን ለማጽናናት ነው ያለችው። አዋላጅ መሆኔን ረስታው ነው እንዴ? ልጅ ቀጠሮ እንደማያከብር እኔም አውቃለሁ።

በእነዚያ አስራ አምስት ቀናት አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከቤተሰባቸው የተለያዩትን ሠራተኞች ስም በደብተር ጻፈች፤ አርባ አንድ ሰው። ጉባኤው እሷን ለቆ እኔን በቦታዋ ሲመርጥ፣ የዘራሁትን ሳጭድ ማለት ነው፣ እዚያው አዳራሽ ጥግ ይዛኝ ተቀመጠች። «የፋርማሲው ልጅ፣ ሚስቱ ድንበር ጋ ነው የምትሠራው፣ ልጃቸው አባቱን አጎቴ ይለዋል። ተረከብሽ?» «ተረክቤያለሁ።» «የጽዳቷ፣ እናቷ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ብቻቸውን ናቸው። ተረከብሽ?» አርባ አንዱንም አንድ በአንድ። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። ካልሲው በእጇ ነበር፣ ያለቀለት።

በሦስተኛው ቀን የአስተዳዳሪው ቢሮ በር ላይ ደብተሩን ታቅፌ ለመጀመሪያው ድርድር ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«አስተዳዳሪው በር ላይ ነኝ። ደረስሽ?»

«ደረስኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ። አውቶቡስ ውስጥ እያለሁ ተወለደች።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«የተቀበለቻት አዋላጅ ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። «ክንዴን ይዛ አልጋው ጋ ወሰደችኝ። የተወለደችበትን ሰዓት፣ ኪሎዋን፣ የእናቷን ደም ግፊት፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ። ከዚያ ሕፃኗን አንስታ 'ተረከቡ?' አለችኝ።»

«እሺ፣ ምን አልሻት?»

«ቃሉ ጠፋኝ፣ ጥሩንባ። እጄን ብቻ ዘረጋሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ እትዬ። በእኔ ምላስ ነው አስራ አምስት ቀን የቀረብሽ።»

«አስራ አምስቱን ቀን አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ መዋሸት አትችልበትም። «አስራ ስምንቱን ዓመት ግን አንቺ አይደለሽም። እሱን ገብተሽ ጠይቂልኝ።»

በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ ግቢ አለችኝ። በእጄ ትንሽ እንድትታገሰኝ ለመንኳት።

«ካልሲውስ?» አልኩ።

ከኋላዋ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«ልኳ ነው» አለች። «ልክክ ነው ያለው።»

ዓይኔን ጠርጌ አርባ አንዱን ሰው ይዤ ገባሁ።