ነጩን የሞላሁ ዕለት

በ2011 ዓ.ም. ጅግጅጋ ውስጥ የታፔላ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ ታደሰ ብሩሽ አላስያዙኝም። አንድ ቁራጭ ላሜራ ሰጡኝና «ፀሐይ ላይ አውጥተሽ እይው» አሉኝ። ላሜራው ላይ በቀይ ቀለም «ፋርማሲ» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን ይታይሻል?»

«ፋርማሲ» አልኩ።

«አቦ፣ አንብቢልኝ አላልኩም! ከቀዩ ሥር ነጩ መደብ ይታይሻል ወይ?»

ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ብሩሹ ባለፈበት ላይ ቀጫጭን ነጭ ጭረት አለ። «ይታየኛል» አልኩ።

«ሥራ ማለት እሱን ማጥፋት ነው» አሉ። «አንደኛ ቅብ፣ ማድረቅ፣ ሁለተኛ ቅብ። ጭረት ካየሁ ደግመሽ ትቀቢያለሽ።» የመጀመሪያ ቀኔ በዚህ አለቀ።

ጋሽ ታደሰ እንደኔው የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ለምን ሴት እንደቀጠሩ ሲጠየቁ «መስመሯ አይንቀጠቀጥም» ይሉ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍጋለን፣ ዝገት የሚከለክለውን አንቲረስት እንቀባለን፣ ነጭ መደብ እናለብሳለን፣ ክር በከሰል ዱቄት ለውሰን መስመር እንመታለን፣ ፊደሉን በእርሳስ እንነድፋለን፤ ብሩሽ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛውንና ሶማሊኛውን እኛው እንጽፋለን። ዐረብኛውን አንድ የመድረሳ መምህር በወረቀት ይነድፉልናል፣ እኛ እንገለብጣለን። ሁሉም ሁለት ቅብ ነው።

ስለ ደንበኛ ባታነሱብኝ ይሻላል። አንድ የልብስ ነጋዴ ሐጂ ነበሩ። «ስሙን ጎላ አድርጊው» አሉኝ፣ አጎላሁት። «ስልኩንም ጎላ አድርጊው።» አጎላሁት። «የሱሪውንም ሥዕል ጎላ አድርጊው።» «ሐጂ፣ ላሜራው አንድ ሜትር ነው፤ ሁሉም ከጎላ ምኑ ይጎላል?» ብላቸው «አንቺ ብቻ ጎላ አድርጊው!» አሉ። መሰላል ላይ ስወጣ ደግሞ ያለፈ ያገደመው ያዝንልኛል። «ወንድ የለም እንዴ?» ይላል። ኡፍ! ነፋሱስ ብትሉ? እርጥብ ቀለም ባየ ቁጥር በካራማራ በኩል አቧራውን ጭኖ ይመጣብኛል።

ከዚያ ባነር የሚያትመው ማሽን መጣ። እናንተ የባነር ቤት ልጆች፣ እኛ አራት ቀን የምንለፋበትን እናንተ ሻይ ሳይቀዘቅዝባችሁ ታወጡታላችሁ። ጋሽ ታደሰ ሁለት ዓመት ታገሉና «ከማሽን ጋር አልሟገትም» ብለው ቤቱን ከነመሰላሉ ለኔ ትተው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። እኔም ፍሬም ጨመርኩበት። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የቁርኣን አንቀጽ መስታወት አለብሳለሁ። ጉዱን ያመጣብኝ ይሄው ፍሬም ነው።

በ2015 ሚስተር ቢዮ መጡ። ሽንሌና አዲጋላ በኩል የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ቢሯቸው ግን እዚህ ጅግጅጋ ነበር። የኛ አገር ሰው ቅጽል ስም ሳያወጣ አያድርምና ቢዮ አላቸው፤ በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ሾፌራቸውም አስተርጓሚያቸውም የከተማችን ልጅ ሙክታር ነው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ፍሬም ታቅፎ ገባ።

«አባዮ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። «መስታወቱ መንገድ ላይ ተሰበረ። አዲጋላ አሥር ቀን እንቆያለን፤ ስንመለስ ይድረስልን።»

ሚስተር ቢዮ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ወረቀት እያሳዩኝ በአማርኛ «መስታወት ብቻ» አሉ። ጣታቸውን ቀስረው ደገሙት። «መስታወት ብቻ።»

«ሀዬ፣ ገባኝ» አልኩ። ምኑ እንደገባኝ እንጃ።

ሲሄዱ ወረቀቱን አወጣሁት። አንድ የጃፓን ፊደል ብቻ ነው፣ ወፍራም፣ ጥቁር፤ እሱም ውሃ ማለት ነው ብሎኛል ሙክታር። መሃሉን ቀጥ ያለ መስመር ወርዶበታል፣ ግራና ቀኝ ክንፍ አለው። አጀማመሩ ያምራል። መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ የሚወርደው መስመር ግን ቀለሙ አልቆበት ተሰነጣጥቋል፣ ጭረት በጭረት ነው። እንዴ! እንዲህ ያለ ወፍራም ብሩሽ የያዘ ሰው ደግሞ ቀለም መንከር ምን ያቅተዋል?

አንድ ቀን ታገስኩ። በሁለተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ ጋሽ ታደሰ ከጀርባዬ የቆሙ ነው የመሰለኝ። ለፕላን መሳያ የሚሆን ጥቁር ቀለም ነበረኝ። በቀጭኗ ብሩሽ ነጩን አንድ በአንድ ሞላሁት። ከዳር አላለፍኩም። ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት፤ ንጹሕ ጥቁር ነው። ለዚህስ አላስከፍላቸውም ብዬ በልቤ ተመጻደቅሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን መጡ። እኔ ምስጋና እጠብቃለሁ። ሚስተር ቢዮ ፍሬሙን ተቀብለው ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ጣታቸው ጭረቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጨረስኩላቸው በላቸው» አልኩት ሙክታርን።

ሙክታር አልተረጎመውም። «ወላሂ፣ አባዮ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ጽሑፉን የጻፉት የሚስተር ቢዮ ባለቤት ናቸው፤ ሽማግሌው ወደ ኢትዮጵያ በተነሱበት ጠዋት ጽፈው ሰጧቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ባለቤታቸው ታመሙና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ሚስተር ቢዮ ሄደው አይተዋቸው፣ ሥራው አላለቀም ብለው ተመልሰዋል። የዚያ እጅ የመጨረሻ ጽሑፍ ይኸው ነው፤ ሌላ አይጻፍም።

ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት እኔ ነኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ቢሰድቡኝ፣ ፍሬሙን ቢወረውሩብኝ እንዴት በተገላገልኩ። እሳቸው ግን በሙክታር በኩል «ለምን?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። «ነጭ ስለነበረ» አልኩ። ለራሴ ሲሰማኝ የጅል መልስ ነው። ትንሽ አሰቡና ለሙክታር አንድ ነገር ነገሩት።

«ቅዳሜ ቢሮ ነይ ይላሉ። ነጩ ምን እንደሆነ ያሳዩሻል።»

ቅጣቴ ነው ብዬ ሄድኩ። ጥቁር ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ አደረጉና ከጥላሸት የተሠራ ደረቅ የቀለም ዘንግ ሰጥተውኝ በሙክታር አፍ «ፈትጊ» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ፈተግሁ። እኔ የማውቀው ጣሳ ከፍቶ ተነር ጠብ ማድረግ ነው! ከዚያ አንድ አግድም መስመር። ሌላ የለም። ሰባት ቅዳሜ ሙሉ አንድ አግድም መስመር! እኛ ስንጽፍ እጃችንን ዱላ ላይ እናስደግፋለን፤ እሳቸው ዘንድ እጅ ምንም አይነካም፣ መስመሩ ከትከሻ ነው የሚመጣው። ጫፉ ጎደል ሲልብኝ መለስ ብዬ ልነካካው ስል ጠረጴዛውን ኳ ያደርጉታል። «አይነካም!» አማርኛቸው እንግዲህ ሁለት ሆነ፣ መስታወት ብቻና አይነካም።

አንድ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በእጃቸው አየሩን ይቀዝፋሉ።

«ምን አሉ?»

«ቀስ በይ ይላሉ» አለ ሙክታር።

«ይሄ ሁሉ ቀስ በይ ነው?»

«ዋናው እሱ ነው።»

ኧረ አቦ! ይዤ አስጨንቄ አስተረጎምኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩሽ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የጸሐፊው ያቺ ደቂቃ እዚያው ትቀራለች፤ ፍጥነቱም፣ ፍርሃቱም፣ ትንፋሹም። መልሰሽ ከነካካሽው ደቂቃዋን ዋሸሽባት። ነጩ ጭረት ጉድለት ሳይሆን እጅ ሳይፈራ የሮጠበት ነው። የባለቤታቸው ነጭ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ አይተዋቸዋል፣ እንደዚያ ያለ ነጻ እጅ አላዩም። ይህንን ሲናገሩ እኔ መግቢያ አጣለሁ።

ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ። ያንን ፊደል ከነነጩ ጽፌ እመልስላቸዋለሁ። ቤቴ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እየቀደድኩ ጻፍኩ። ነጩ እምቢ አለ! ብሩሹን ሳደርቀው ጭረቱ ከመጀመሪያው ይመጣል፤ ሳረጥበው ጭራሽ አይመጣም። ስንት ዘመን ስደፍነው የኖርኩት ጭረት ስፈልገው ጠፋ። ባለቤቴ «ይቺ ሴት አብዳለች» እያለ በወረቀቱ መሃል መንገድ ፈልጎ ያልፋል። ዓመት ሊሞላ ሲል ግን አንዱ ቁርጥ የድሮውን ፊደል መስሎ ወጣልኝ። እንባዬ መጣ።

ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። ከፍሬሙ ጎን አስቀምጠው ብዙ አዩት። «ጥሩ ውሃ ነው» አሉ። «ያንቺ ውሃ ነው» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ።

«እና ምን ላድርግ? ምን ላድርግ ታዲያ!» ብዬ ጮህኩ። ሙክታር ሊተረጉም አፉን ከፈተና ተወው፤ ጩኸት ትርጉም አይፈልግም።

ሚስተር ቢዮ ፍሬሙን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ጽሑፉ መነካቱን እኔም ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አቁመው በምስል ደወሉ።

ፀጉራቸው የነጣ ቀጭን ሴት ወጡ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ሚስተር ቢዮ ፍሬሙን አሳዩአቸው፣ ተናገሩ፣ ወደኔ ጠቆሙ። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አልኩ። ባለቤታቸው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ ሳቁ። ነገር የሰለቸው ሰው ሳቅ ነው፤ የኔም ሳቅ እንደዚያ ስለሆነ አውቀዋለሁ። አጭር ነገር ተናገሩ። ሚስተር ቢዮ አልተረጎሙልንም። መልሰው ጠየቋቸው፣ እሳቸውም ያንኑ ደገሙት።

በመጨረሻ ሚስተር ቢዮ ለሙክታር በእንግሊዝኛ ነገሩት፤ ሙክታርም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳያሳጥር ነገረኝ።

«ነጩ ጥበብ አልነበረም ትላለች። ሻንጣዬ በር ላይ ነበር፣ መኪናው ይጠብቀኝ ነበር። አትሂድ ልትለኝ ፈልጋ ነበር። ብሩሹን መልሳ ቀለም ብትነክር እንደምታለቅስ ስላወቀች በደረቁ ጨረሰችው።»

ሚስተር ቢዮ ቀጠሉ፣ ሙክታርም ተከተላቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ለምን አልጠየቅኸኝም አለችኝ።»

ያንን ነጭ ስንት ቅዳሜ አስተምረውኛል! እኔ በቀለም ሞላሁት፣ እሳቸው በፍልስፍና። የጠየቀ ግን የለም።

በዚያው ወር ሥራውን ለሌላ መሐንዲስ አስረክበው አገራቸው ገቡ። ፍሬሙን እንዳለ፣ እኔ የሞላሁትን ጥቁር ይዞ፣ ይዘውት ሄዱ። የቀለም ድንጋዩን ለኔ ትተውልኛል። ሙክታር አልፎ አልፎ ሲደውልላቸው የባለቤታቸውን ምሳ ሲሠሩ ያገኛቸዋል።

እኔ አሁንም ታፔላ እጽፋለሁ። ታፔላ ሁለት ቅብ ይቀባል፤ የጋሽ ታደሰ ሕግ አልተሻረም። የሌላ ሰው ሥራ እጃችሁ ገብቶ የጎደለ ከመሰላችሁ ግን፣ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት የጻፈውን ሰው ጠይቁ።