በክሪክ የቆመ የዶሮ ቤት

ሚስቴ ዶሮዎቿን እንደ ዘመድ ነው የምትቆጥራቸው። ይቺ ዛሬ አኩርፋለች፣ ያቺ ደግሞ ጎረቤት ሄዳ መጣል ለምዳለች እያለች ስታወራኝ መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። ዕድሜዬን በከሚሴና በደሴ መካከል ሚኒባስ ስነዳ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዶሮ ለእኔ ድንገት መንገድ ገብታ ፍሬን የምታስይዝ፣ ሲቀናት ደግሞ ወጥ የምትሆን ነገር ነበረች። ወገቤ አልታዘዝ ብሎኝ መሪውን ለሌላ ከለቀቅሁ ወዲህ ግን ጓሮ ነው የምውለው፤ ጓሮው ደግሞ የእሷ ግዛት ነው።

ከዶሮዎቹ መካከል አንዲት ገብስማ አለች። ጉትያ ያላት፣ ያረጀች፣ ቁጡ ናት። ዘሯ የአማቴ ነው፤ አማቴ ልጇን ስትድርልኝ ከባቲ በቅርጫት አድርጋ የላከቻት ዶሮ የዚህች ቅድመ አያት ናት። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ከሚሴን ለቀን ወጥተን ስንመለስ ግቢው ተራቁቶ ከዶሮ የቀረው ላባ ብቻ ነበር። ከሰነበትን በኋላ አንድ ጠዋት ይህቺ ገብስማ ከስታ፣ ጭራዋ ተነቅሎ፣ ከቁልቋሉ አጥር ውስጥ ወጣች። ሚስቴ ባየቻት ጊዜ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በዚያው ጊዜ አማቴ ባቲ ላይ ሞታ፣ መንገዱ በመዘጋቱ ሚስቴ ሳትቀብራት ቀርታለች። የባቲው ቤት ዶሮዎችም አንድ ሳይቀሩ አልቀዋል። ታናሽ እህቷ በስልክ ስታረዳት፣ የእማዬ ዶሮ እንኳ አልቀረልኝም እያለች ነበር የምትንሰቀሰቀው። ስለዚህ ገብስማዋ ከረጅም ጊዜ በኋላ የራሷን እንቁላል ስትታቀፍ ነገሩ ዶሮ የማርባት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ይህ ካመለጠ ሌላ አይኖርም። ሚስቴ ጫጩቶቹን ይዛ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነይታለች፣ በልቧ ቆርጣለች። እስከዚያ ድረስ ባቲን አልረገጠችም። ባዶ እጄን እዚያ ደጃፍ አልቆምም ትላለች፤ እልኸኛ ናት፣ ይህንን ሳገባትም አውቅ ነበር።

እንቁላሎቹን ገለባው ላይ ስትደረድር ከስር ሚስማር ቀበረች። እኛ ዘንድ ነጎድጓድ የታቀፈ እንቁላል ያውካል፣ ብረት ካለበት ግን አይደፍርም ይባላል። እኔ አላመንኩም፣ አልተከራከርኩምም።

አንዲት ጥቁር ንብ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከማር ንብ በብዙ የምትበልጥ፣ ድምፅዋ ዳገት እንደከበደው ባጃጅ የሆነ። ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተሠራውን የዶሮ ቤት ትዞራለች፣ ቋሚውን ትቃኛለች፣ ሄዳ ትመለሳለች። በእኛ አገር ንብ ደጅህ ከመጣች አትባረርም። በቁርኣን አንድ ሱራ በስሟ የተጠራላት ፍጡር ናት፣ የምትመጣውም በረካ ይዛ ነው። ንብ ቤት ስትፈልግ አስቀድማ ሰላይ እንደምትልክ ደግሞ ከተሳፋሪዎቼ ሰምቻለሁ። ሰላይዋ ይህን ካከለች መንጋው ምን ሊያክል ነው ብዬ ልቤ ማር ማር አለኝ። ሳልውል ሳላድር ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ቀፎ ገዛሁ፣ በወይራ ጭስ አጠንኩት፣ ከዶሮው ቤት የፊት ቋሚ ላይ ጠፍሬ አሰርኩት። ሚስቴ ከታች ቆማ አየችኝና ማሩን ስቆርጥ እንድጠራት ነግራኝ ገባች።

ቀፎው ውስጥ ማንም አልገባም። ንቧ ቀፎዬን ዞር ብላ ሳታየው፣ እሱ የታሰረበትን ቋሚ መብሳት ጀመረች።

መጀመሪያ ያየሁት ከቋሚው ስር የተጠራቀመውን የእንጨት ዱቄት ነው። ቀና ስል ጣቴን ልክ የሚያስገባ ቀዳዳ አየሁ። ክብነቱ ይገርማል። አናጺ በመሰርሰሪያ ሲበሳ እንኳ ጠርዙ ይሰነጣጠቅበታል፤ የእሷ ግን የተላገ ነው። ጆሮዬን ቋሚው ላይ ሳደርግ ከውስጥ ስትቆረጥም ይሰማኛል፤ ታርፋለች፣ ትቀጥላለች። ቀዳዳው በር ላይ ደግሞ ወንዱ ንብ፣ ብጫ ነው፣ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፊቴ ድረስ መጥቶ ያፈጥብኛል። ወደ ግራ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ የኬላ ፍተሻ አልፌአለሁ፤ እንደዚህ የተጋ ፈታሽ ግን አላየሁም።

እሷ ስትበሳ እኔ ስደነቅ ቀዳዳው በዛ። አንድ ቀን ቋሚውን ስነካው ተነቃነቀ። ዶሮዋ ከነእንቁላሏ ልትወድቅ መሆኑ ሲገባኝ ደሜ ፈላ፤ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ ይዤ ቀዳዳው ውስጥ ላፈስ ተነሳሁ። ሚስቴ እጄን ያዘችው።

«እንቁላል ይተነፍሳል፤ ጋዝ ከሸተተው ጫጩቱ ውስጡ ይሞታል» አለችኝ። «ሱታ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሱታ።»

ሱታ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። በትዳራችን ከስሜ ይልቅ በዚህች ቃል ነው የምትጠራኝ። እንግዲያው ቋሚውን ልቀይረው ብላት ያንንም ከለከለችኝ፤ የታቀፈች ዶሮ ቤቷ ላይ መዶሻ ከተነሳ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ከዚያ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለችኝ። ይህንን ተረት ሹፌር ሳለሁ ነው የጠላሁት፤ ከኋላዬ ተቀምጦ ቀስ በል የሚለኝ ሰው ሁሉ እሱን ይተርትብኝ ነበር።

ዝም ብዬ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ከሚኒባሱ ዘመን የቀረችኝ፣ ጎማ ስቀይር መኪናውን የማነሳባት አንዲት ክሪክ አለች። ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ክሪኳን ከዶሮው ቤት ወለል ስር ሰደድኩ፣ እጀታዋን በጣም በቀስታ እያዞርኩ ክብደቱን አሸከምኳት። ገብስማዋ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ያንን የማይረባ ቀፎዬንም ፈትቼ አወረድኩት። ሚስቴ በክሪክ የቆመውን የዶሮ ቤት አይታ እስኪበቃት ሳቀች፣ ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ። ከእሷ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራችን መጠበቅ ሆነ። ከንቦቹም ጋር ታረቅን። ጠዋት ጠዋት በጓሮው ዱባ አበባ ውስጥ ተቀርቅረው፣ ጀርባቸው ብናኝ ለብሶ ሲወጡ ሚስቴ ትጠራኝና አብረን እናያለን። ዱባው እንደዚያ ፍሬ ይዞ አያውቅም፤ እሷ የእነሱ ሥራ ነው ትላለች፣ እኔም አምኛለሁ።

ከእንቁላሎቹ ውስጥ ድምፅ መሰማት በጀመረበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የበልጉ ዝናብ ከነንፋሱ ወረደ። ቋሚው በተበሳበት በኩል ተቀንጥሶ ወደቀ። ክሪኳ ወለሉን ይዛ ቀረች፤ ቆርቆሮው ግን በአንድ ጎን ተገለጠና ውሃው ገባ። ገብስማዋ ደንግጣ ዘላ ወጣች። እኔ ወገቤን ረስቼ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ተጭኜ ስጮህ፣ ሚስቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ደረቷ ውስጥ ከተተቻቸው። በነጠላዋ ከላይ አሰረችና ቤት ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ዝናቡ እስኪያባራ፣ ዶሮዋም ተይዛ እስክትደርቅ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም። እንዳላስቃት፣ እንዳላናግራት አስጠነቀቀችኝ። ልብሷ ረጥቦ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ትንፋሿን እንኳ በልክ ትስባለች። ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳያት፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ የዚያን ቀን ያህል የወደድኳት አይመስለኝም። ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«ተንቀሳቀሰ» አለች። ዓይኗን ጨፈነችና «ያ ረቢ» አለች።

ገብስማዋን በሳጥን አድርገን ቤት አስገባንና እንቁላሎቹን መለስንላት። አንዳንዱ ቀረ፤ አብዛኛው ተፈለፈለ። ከመካከላቸው አንዷ ቁርጥ እሷን፣ ገብስማ ሆነች።

የተሰበረውን ቋሚ ለማገዶ ልፈልጠው ስል ውስጡን አየሁት። ንቦቹ እንደ ሆቴል ክፍል በክፍል አድርገው በእንጨት ዱቄት ግድግዳ ለይተውታል፤ በየክፍሉ ብጫ ሊጥ የመሰለ ስንቅና አንዳንድ እንቁላል ተቀምጧል። ለሚስቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ እነዚህም እናት አላቸው አለችና ፍልጡን መልሳ ገጥማ፣ በገመድ አስራ፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ አስጠጋችው። ለዶሮው ቤት ሌላ ቋሚ ተከልኩ።

ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ባቲ ሄድን። እኔ እንደማንም ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጬ፣ እሷ የጫጩቶቹን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ። እህቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከእናታቸው ሞት ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም። ሚስቴ ከሰላምታ በፊት ካርቶኑን ዘረጋችላት። እህቷ ከፈተችውና ገብስማዋን ጫጩት ለይታ አነሳች፣ ጉንጯ ላይ አስጠጋቻት። «የእማዬ ናት» አለች።

ሚስቴ የእናቷን ሞት ከሰማችበት ቀን ጀምሮ እንባ አውጥታ አታውቅም ነበር። አንድ ቃል ብቻ ወጣት፤ «ሳልቀብራት» አለች፣ እንባዋም ወረደ። እህቷ ጫጩቷን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ደገፈቻትና፣ የእናታቸው አልጋ ወዳለበት ክፍል ይዛት ገባች።