ከዝርዝሩ አናት የጻፍናት አቦሸማኔ

መካነ እንስሳት የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም አለ። ሠሪዎቹ ሁለተኛውን ክፍል ልናወጣ ነውና ከመጀመሪያው ቀን የትኞቹ እንስሳት እንዲገቡ ትፈልጋላችሁ ብለው ተጫዋቹን ሁሉ ሲጠይቁ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ጥያቄውን ከሰርግ ጥሪ አስበልጠው የተቀበሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ጓደኛዬ ነው፤ ነበር ልበል።

ሁለታችንም የዚህ አገር ልጆች ሆነን ያደግነው ኢትዮጵያ ነው፤ እኔ ድሬዳዋ፣ እሱ ጅግጅጋ። የተገናኘነው እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ የበርበራ መስመር ሾፌሮች ወረቀት በሚያስተረጉሙበት ቢሮ ነው። እኔ ተርጓሚ፣ እሱ ኮምፒውተር ጠጋኝ። በአማርኛ መቀላለድ ከጀመርን ወዲያ ወንድም ሆንን። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቱ እሄዳለሁ፤ እሰፈሩ መስጊድ የአስር ሶላት ሰግደን ምንጣፍ ላይ ጋደም እንልና ጌሙ ውስጥ አጥር እናጥራለን፣ ዛፍ እንተክላለን፣ የታመመ ቀጭኔ እናሳክማለን። ሚስቴ “ለመሆኑ ስንት ዓመትህ ነው?” ትለኝ ነበር።

በዝርዝሩ ላይ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ዝሆንና አንበሳ እንደሚገቡ የታወቀ ነው፤ ለእነሱ ቀለም መጨረስ አያስፈልግም። ፓንዳና ፔንግዊንም ጠበቃ አያጡም። የእኛ አገር እንስሳ ግን በመጀመሪያው ክፍል የመጣው ከዓመት በኋላ፣ ያውም ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደሚጠራ ዘመድ። ይሄ ያናድደኝ ነበር፣ አሁንም ያናድደኛል። ስለዚህ እግሩ ላይ መስመር ያለው የሱማሌ የዱር አህያ ይግባ አልን። በተራሮቻችን ላይ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘልለው ትንሿ ሚዳቋ፣ ቤይራ ትግባ። ጅብም ይግባ፣ ግን እንደ ሐረር ጅብ ከሰው እጅ የሚበላ ይሁን። ከሁሉም አናት ላይ አቦሸማኔን ጻፍን፣ ከነግልገሏ። በድሮው ጌም ግልገሏ ትልቋን አሳንሰው የሠሯት ነበረች፤ የራሷ ጠባይም ድምፅም አልነበራትም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሐሙስ፣ ከግድግዳው ጀርባ ከጓሮ የጫጩት ድምፅ ሰምቼ “ዶሮ ማርባት ጀመርክ እንዴ?” ብለው፣ “ለእናቴ ነው” አለኝና የጌሙን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ስለ ግልገል የሚያውቀው እሱ ነበር። የላም ወተት ሆዷን እንደሚያበላሽ፣ ብርድ እንደማትችል፣ ብቻዋን ስትተዋት እንደ ወፍ እንደምትንጫጫ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። “ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው” እያልኩ አሾፍበት ነበር። “አቦ ዝም ብለህ ጻፍ” ይለኛል እየሳቀ። አሮጌ ኮምፒውተሮቻችን አዲሱን ጌም አይችሉትም ብዬ ስጨነቅ ደግሞ፣ “አታስብ ወንድሜ፣ እስኪወጣ ለሁለታችን የሚሆን አንድ ይኖረናል፣ ኢንሻአላህ” አለኝ።

ዝርዝሩን ለሠሪዎቹ በኢንተርኔት መድረካቸው ላይ ልለጥፍ ስል የግልገል ድምፅ በስልኬ ላከልኝ። ከየት እንዳገኘው ጠየቅኩት። “ኢንተርኔት ላይ” አለ። መጀመሪያውን ጥቂት ሰምቼ ደስ ብሎኝ ከዝርዝሩ ጋር ለጠፍኩት።

በማግስቱ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ድምፁን በስፒከር ከፈትኩት። ግልገሏ ትንጫጫለች። መሐል ላይ አዛን ተሰማ። እኛ ቤት አዛን ሲጀምር የሚጮህ ነገር ሁሉ ይዘጋል፤ ሬዲዮም ሆነ ጌም። እጄ ከልማዱ ድምፁን አቆመው። አዛኑም አብሮ ቆመ።

ሰዓቴን አየሁ። በዚያ ሰዓት አዛን የለም። መልሼ ከፈትኩት። ሙአዚኑ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ ጓደኛዬ ሰፈር ሐሙስ ሐሙስ አስር የምንሰግድበት መስጊድ አዛውንት ናቸው። ድምፁ የተቀዳው እሱ ጓሮ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹም ያኔ ገቡኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። የዱር እንስሳ መሸጥ እዚህ ወንጀል ነው፤ ብናገር ይታሰራል። ሁለት ቀን ሙሉ ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ቆየሁ።

እሁድ ሄድኩ። ሰላምታውን ሳልጨርስ ወደ ጓሮ አለፍኩ። የፍየል በረቱ ባዶ ነው። እንጨቱ ላይ አጭር ገመድ ታስሯል፤ አጠገቡ ወተት የደረቀበት ሳህን አለ።

“የት አለች?” አልኩት።

ማን አላለኝም። “ትላንት ሄደች።”

“ወዴት?”

በአገጩ ወደ በርበራ ጠቆመኝ። ከበርበራ ወዲያ ባሕር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ አቦሸማኔ ግቢያቸው አስረው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች አሉ።

“እረኞች ናቸው ያመጧት። እናቷን ገድለዋታል። እኔ ባልቀበላት ትሞት ነበር፣ ወላሂ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ስለማውቅህ” አለኝ።

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ቤት ስንገባ ምንጣፉ ላይ፣ እኔ ሁልጊዜ በምቀመጥበት በኩል፣ አዲስ ላፕቶፕ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። “ለሁለታችን አላልኩህም?” አለ። ከልቡ ነበር፤ ደስ ይለው ይሆን ብሎ ፊቴን ያያል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት፣ የሚጥለው እንዲህ እያሳሳቀ መሆኑን አልነገሩኝም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርም አትመለስም አልኩ፤ ይህም ለእኔ የሚመች ምክንያት እንደነበር አውቃለሁ።

ከወራት በኋላ ጌሙ ወጣ። አቦሸማኔ ከመጀመሪያው ቀን ገብታለች፣ ከነግልገሏ። “አሸነፍን፣ ና” ብሎ ላከልኝ። አልሄድኩም። የለጠፍኩት ድምፅ አሁንም እዚያው መድረኩ ላይ አለ። ስንቴ ላጠፋው ብዬ እጄን ሰድጄ መለስኩ፤ ከእሷ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው፣ “ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ምን ያህል ብትቀርባት ነው?” ብሎ ጽፏል።

በመካከላችን የነበረው አንድ ግድግዳ ነው። እሷ እየተጣራች እኔ ስለ ዶሮ ጠየቅኩ።